በገንቦ የተሰጠ ድምፅ

በዚያ ጠዋት ከቤት የወጣነው እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባሌ ባዘዘው ጋቢውን አጣፍቶ ፊት ፊት ይሄዳል፤ እኔ መዝገቤን በነጠላዬ ሸፍኜ እከተለዋለሁ። ወሩ የካቲት፣ ዓመቱ 1958 ነበር። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ከገጠር ሌሊቱን ተጉዘው የመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን እንደጫኑ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ባዘዘው አንድ በአንድ እንዴት አደራችሁ እያለ አልፎ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀበለ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሣ። እኔም ከሚዛኑ አጠገብ ያለችው ዱካዬ ላይ ተቀመጥሁ።

መጋዘኑ የግራዝማች አካለ ወልድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ገበያ በታች ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። በዚያ ዓመት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ባቄላ እናጸዳ ነበር። ባዘዘው ማበጠሪያውን ማሽን ይነዳል፤ እሱና አሥር ጆንያ ተሸካሚዎች ብቻ ናቸው ወንዶቹ። የቀሩት ሃምሳ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ለቃሚዎች። በማሽኑ ያለፈው ባቄላ ሰፌዳቸው ላይ ይፈስላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ማሽኑ ያላየውን ጠጠር፣ አተርና ሽምብራ በጣታቸው እየለቀሙ በአጠገባቸው ወዳለ ገንቦ ይከታሉ። ገንቦው አንገቱ ጠባብ ነው፤ የገባበት ተመልሶ እንዳይፈስ። ማታ ሰፌዱ ላይ የቀረው ንጹሑ ባቄላ ወደ እኔ ይመጣና ይመዘናል። ገንቦው ደጅ ይደፋል።

ይህን ሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አየሁት። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

ነገሩ የተጀመረው በአይናዲስ ነው። አይናዲስ ከለቃሚዎቹ አንዷ ነበረች። ወልዳ ተኛች፤ ልጇን በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነሥታ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘች። ግራዝማች ምንም ክፉ ቃል አልተናገሯትም። «ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው እጃቸውን ዘርግተው አሳሟትና በሩን አሳዩዋት። ባዘዘው ያን ዕለት ማሽኑን አጠፋው። በሳምንቱ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣውን የሠራተኛ አዋጅ የያዘ ነጋሪት ጋዜጣ ከአንድ ጠበቃ ተውሶ መጣ፤ ማታ ማታ እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ ይሰማል። ሃምሳ ሰው ካለ ማኅበር ማቆም ይቻላል።

በጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርዮ ማርያም፣ የለቃሚዎቹ የጽዋ ማኅበር ተራው የእማማ የብርጓል ነበር። እማማ የብርጓል ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ከዲማ የመጡ የደብተራ ሚስት ናቸው፤ ሴቶቹ እሳቸው ያሉትን ይሰማሉ። ባዘዘው ማኅበር ይቁምልን የሚል ወረቀትና የቀለም ሙዳይ ይዞ፣ ተሸካሚዎቹንም አስከትሎ እዚያ ሄደ። ጽዋው ዞሮ፣ ቄሱ አሳርገው ሳይነሡ፣ ሁሉም ተራ በተራ አውራ ጣቱን ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ስማቸውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስልሳ አንድ ጣት ሆነ።

በማግሥቱ ማንጠግቦሽ ሚዛኑ ዘንድ መጣች። ከለቃሚዎቹ ሁሉ ቀልደኛዋ እሷ ናት፤ ያን ቀን ግን አልቀለደችም።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ ስሜን ልታጠፊልኝ ትችያለሽ?»

«ምነው? በፈቃድሽ አይደለም እንዴ የፈረምሽው?»

«ጽዋ ፊት ለፊት ተቀምጦ እምቢ ይባላል? እናቴ ዘንድ የግራዝማች መሬት አለ፤ እኩል አራሽ ነን። ብፈርም ግራዝማች፣ ባልፈርም ማርያም። የማርያምን ፈራሁ።»

«ሌላም እንዳንቺ አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ማን ይናገራል ብለሽ ነው።»

ማታ ለባዘዘው ነገርሁት። እግሩን እየታጠበ ነበር።

«ስልሳ አንድ ጣት አለኝ» አለ። «አንዷ ብትቀር ስልሳ።»

«አንዷ መሆኗን በምን አወቅህ? ድምፅ ይስጡ። በስውር።»

«በአገራችን ሰው ማኅበር የሚገባው እንዴት ነው፣ ያለም? ጽዋ ይዞ፣ ሰው እያየው ቃል ሰጥቶ ነው። ተደብቆ ማኅበር የገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ ለእነሱ ቀን ስትሰጪ ለግራዝማችም ቀን ሰጠሻቸው ማለት ነው። በየቤቱ አማላጅ ይልካሉ።»

«ለዚህ እኮ ነው ስውር የሚሆነው። አማላጁ ማን ምን እንደሰጠች አያውቅም።»

«እኛም አናውቅም» አለ።

አራት ኪሎ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ። ሦስተኛውን ሳልጀምር አባቴ ሞቱና ተመለስሁ። በዚያ ሁለት ዓመት የተማሪዎች ማኅበር መሪ ስንመርጥ ወረቀቱን አጥፈን በተዘጋ ሣጥን ነበር የምንከተው። ዓይኔን የሚያይ ሰው ሳይኖር የምፈልገውን የተጠየቅሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለጋብቻዬ እንኳ ሽማግሌ ፊት ነው እሺ ያልሁት። ማንጠግቦሽም እንዲህ እንድትጠየቅ ፈለግሁ። ይህ ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ዛሬም ክፉ አይመስለኝም።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። ግራዝማች ሚዛኑን ለማየት መጥተው ሳለ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ማኅበሩ ከቆመ ባልሽን አልነካውም። ሕግ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያወጡትን ሕግ አልጥስም። ካልቆመ ግን ያለ ማኅበር ሊቀ መንበር የሆነ ሰው ማሽኔ ላይ አላስቀምጥም» ብለውኛል። ስለዚህ ማኅበሩ ካልቆመ ምን እንደምናጣ አውቅ ነበር።

በዚያ በየካቲቱ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማኅበሩን ሊመዘግብ ከአዲስ አበባ የተላከው የሥራ ጉዳይ ሹም መጣ። ወጣት ነው፤ ከረባት አስሯል፤ የአውቶቡሱ አቧራ ከባርኔጣው አልለቀቀም። ማሽኑ ጠፋ። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን እንደያዙ ባሉበት ተቀመጡ፤ ተሸካሚዎቹ ጆንያው ላይ ወጡ። ግራዝማች ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወንበር ላይ ነበሩ።

ሹሙ ወረቀቱን ዘርግቶ ጣቶቹን ቆጠረ። «ይህ ለእኔ በቂ ነው» አለ። «ተቃውሞ ያለው አለ?»

«እኔ ልጆቼን አልከለክልም» አሉ ግራዝማች። «ነገር ግን ጌታው፣ ይህ በጽዋ የተያዘ ጣት ነው። ታቦት ስሙ በተጠራበት ቤት ማን እምቢ ይላል? ስሙን የጻፈችው ይቺው የእኔው ጸሐፊ ናት። የሰውየውም ሚስት ናት። ለእኔ እንደማታዳላ ይህ ይመስክር፤ እሷ ትናገር።»

ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። «በፈቃዳቸው ነው የፈረሙት?»

ባዘዘው መሬቱን ያያል። አንዲት ቃል ብናገር ያልቅ ነበር፤ አዎ ማለት ብቻ።

«ሁሉም አይደለም» አልሁ። «ድምፅ ይስጡ። ማንም ሳያያቸው።»

ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ አመሰገነኝ ሰው። ሹሙ የተደሰተ መሰለ። «ማንበብ የማይችል ሰው በምን ይሰጣል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ሌሊቱን ሁሉ አስቤበት ስለነበር ወዲያው መለስሁ። ለእያንዳንዱ አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ይሰጠዋል። ባቄላ ማኅበር ይቁም፣ ሽምብራ አይቁም። ከጆንያው ክምር ጀርባ ገንቦ ይቀመጣል። አንዷን እዚያ ይጨምራል፣ ሌላዋን በእጁ ጨብጦ ይወጣል። ባቄላውን ለእሺ የመረጥሁት ሥራቸውን አስቤ ነው። ባቄላ ለእነሱ ደጉ እህል ነው፤ ሽምብራ ከመካከሉ የሚወጣ ባዕድ ነው። ይህን በማሰቤ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ገንቦ አምጡ ሲባል ተነሥቼ ከእማማ የብርጓል ጉልበት አጠገብ ያለውን አነሣሁና ያለበትን ግርድ ደጅ ደፋሁት።

«እትዬ፣ ጥሬ ባይሆን ኖሮ ድምፄን ቆርጥሜው ነበር» አለች ማንጠግቦሽ ባቄላዋን ስትቀበል። ሴቶቹ ሳቁ።

ከጆንያው ላይ ሙላት የሚባለው ተሸካሚ፣ «እነዚህ ማኅበር ሊያቆሙ ነው ወይስ ሽሮ ሊያዘጋጁ?» አለ።

«አንተ ዝም በል! ጆንያ ስትሸከም ኖረህ ራስህም ጭድ ገብቶበታል» አለችው ማንጠግቦሽ፤ ግራዝማችም ጭምር ፈገግ አሉ።

እኔ ክምሩ አጠገብ ቆሜ አስተናገድሁ። ለእያንዳንዷ፣ «ባቄላ ይቁም፣ ሽምብራ አይቁም። አንዷን እገንቦው ጨምሪ፣ አንዷን ይዘሽ ውጪ» እላለሁ። እሺ ትላለች፣ ትገባለች፣ አንዲት ትንሽ ኳ የምትል ድምፅ ትሰማለች፣ ትወጣለች። ስልሳ አራት ጊዜ። እማማ የብርጓል ሲወጡ ነጠላቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ቋጥረው፣ «ይኸው፣ አደራሽን» አሉኝ። ምን አደራ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ባዘዘው በመጨረሻ ገባና ሲወጣ ሳያየኝ አለፈ።

ሹሙ ገንቦውን ሰፌድ ላይ ገለበጠው። እሱና እኔ ለየናቸው። ሁለት ክምር ሆኑ፤ እየቆጠርሁ ሳለሁ የሽምብራው እየበለጠ ሄደ። ሹሙ ተነሥቶ ቆመና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ሽምብራ፣ አርባ አምስት። ባቄላ፣ አሥራ ዘጠኝ።»

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

ሴቶቹ ናቸው። ተነሥተው ቆመዋል፤ እርስ በርሳቸው ይተቃቀፋሉ። አይናዲስ በር ላይ ሆና ስትጠብቅ ነበርና ልጇን እንዳዘለች ገባች፤ እሷንም ይስሟታል። አንዷ እጇን ወደ ላይ አነሣችና መዳፏን ከፈተችው። መዳፏ ላይ ባቄላ ነበረ። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። እማማ የብርጓል የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ባቄላቸውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለእኔ አሳዩኝ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ገንቦው የሚጣለው መግቢያ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚጠሉትን እዚያ ከትተው የሚፈልጉትን ሰፌዳቸው ላይ ያስቀሩ ሴቶች፣ አይቁም የሚለውን እህል ለቅመው ገንቦው ውስጥ ከተቱት፤ ይቁም የሚለውን ይዘው ወጡ። ያዘዝኋቸውን በትክክል የፈጸሙ መስሏቸው ነው። አርባ አምስት ሽምብራ ከመካከላቸው ወጥቶ ተጣለ ሲባል፣ እልል አሉ።

ግራዝማች ግን እልልታው ለእሳቸው መሰላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልጆቼ» አሉ፤ «ልጆቼ፣ አባታችሁን አላዋረዳችሁትም።»

ሹሙ ቃለ ጉባኤውን ይጽፍ ጀመር። ባዘዘው ከማሽኑ አጠገብ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። በየቀኑ ከሴቶቹ ጋር ነው የሚውለው፤ ሳልነግረው ገብቶታል።

«ንገሪያቸው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ትያለሽ? የሆነውን። አንቺ ያዘጋጀሽው ነው፤ አንቺ ብትናገሪ ሹሙ ያምንሻል። እኔ ብናገር ተሸንፎ ነው የሚለው።»

ሹሙ ብዕሩን አቀበለኝ። «እንደ ምስክር እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ። እውነቴን ነው፣ እንደዚህ ያለ ሥርዓት ያለው ድምፅ አሰጣጥ አዲስ አበባም አላየሁም።»

ያን ጊዜ ያሰብሁትን ሁሉ ብዙ ጊዜ አስታውሼዋለሁ። ከአርባ አምስቱ ውስጥ የማንጠግቦሽ የእውነት ሽምብራ ሊኖር ይችላል፤ እንደሷም ሌሎች ይኖራሉ። ስንት እንደሆኑ ማንም አያውቅም፤ እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ብናገር ሹሙ እጃችሁን ክፈቱ ይላቸዋል፤ ግራዝማች እያዩ ማንጠግቦሽም እጇን ትከፍታለች። ይህን አሰብሁ። እውነት ነው፣ አስቤዋለሁ። ነገር ግን እጄን የያዘኝ ይህ ሐሳብ አልነበረም። የያዘኝ፣ ይህ ከረባት ያሰረ ሰው ስለ እኔ የተናገረው ምስጋና ነው። እኔ ያቀድሁት ነገር፣ አንዲት ያልተማሩ ባልቴት በአንድ ቃል ሊያርሙት ይችሉ የነበረ ስሕተት እንዳለበት እሱ ፊት መናገር አቃተኝ። ሁለት ዓመት ብቻ መማሬን የሚያውቅብኝ መሰለኝ።

«ድምፁ ተሰጥቷል» አልሁት ባዘዘውን።

ትንሽ አየኝ። ጋቢውን ከማሽኑ ላይ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ። ፈረምሁ።

ሹሙ በከሰዓቱ አውቶቡስ ሄደ። አሥር ሰዓት ሲሆን እማማ የብርጓል ሚዛኑ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ እንግዲህ አይናዲስ ነገ ሥራዋን ትጀምር?»

«እማማ፣ ማኅበሩ አልቆመም።»

«ምን አልሽ?»

ነገርኋቸው። የሚቆጠረው ገንቦው ውስጥ የገባው እንደሆነ፣ በእጅ የቀረው እንደማይቆጠር ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ገንቦ ውስጥ የገባ ነገር ይቆጠራል ብሎ ማን ያስባል?» አሉ። «ከጉልበቴ ሥር አንሥተሽ ስትወስጂው ምነው አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ? እዚሁ ነበርሁ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ሳይሄድ ለምን አልነገርሽውም? አሁን ነው ያወቅሽው?»

አዎ ብዬ መዋሸት እችል ነበር። «አይደለም» አልሁ። «እልል ስትሉ ነው ያወቅሁት።»

እማማ የብርጓል ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ጠዋት ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ከዚያ ያለፈ ግን የለም። ማንጠግቦሽ ብቻ አንድ ቀን ብቻዬን አግኝታኝ፣ «እትዬ፣ እኔን ብለሽ ነው አይደል?» ብላ አለቀሰች። አይደለም አልኋት። አላመነችኝም፤ ይህም ተጨማሪ ሸክም ሆነባት።

ግራዝማች ቃላቸውን ጠበቁ። ባዘዘው በማግሥቱ ሲመጣ ዘበኛው ቁልፉን ከለከለው። ከተማው ውስጥ ሌላ ማሽን አልነበረም። ደጀን ወርዶ የመንገድ ዳር መካኒክ ሆነ፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እየመጣ ያድራል። ስለዚያ ቀን አንሥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫማውን እያሰረ፣ «ድምፅ መስጠቱ ጥሩ ነበር፤ እኔ ነኝ የቸኮልሁት» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የያዘኝ ኩራቴ እንደነበረ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ እስኪመለስ ብዬ አቆየሁት። በሰኔ መጀመሪያ ቅዳሜ፣ ዝናብ በጣለበት መንገድ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ፣ መኪናው ከክሪኩ ተንሸራቶ ወረደበት።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች መጋዘኖች ማኅበር ሲያቆሙ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱ በፊርማ፣ አንዳንዱ በድምፅ። የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ድምፅ ይስጡ እላለሁ። አስቀድማችሁ ግን እነሱን ጠይቁ እላለሁ። የሚጠይቀኝ የለም።

እኔ ዛሬም እዚያው ሚዛኑ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባቄላው ይመጣል፣ ይለቀማል፣ ይመዘናል። ማሽኑን ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ይነዳዋል። አይናዲስ አልተመለሰችም። ማኅበር የለም። ባዘዘው የለም።